ሽንት ሊያልቅ ሲል ደም ይመጣል፦ ጅማ ውስጥ ምን ብዬ ልመርመር?

የቆጪው፦
ሰላም ጅማዎች። ይሄን ነገር ፊት ለፊት ማውራት ከብዶኝ ነው እዚህ የምጽፈው። ሽንቴ ሲጀምር ደህና ነው፣ ሊያልቅ ሲል ግን ይቀላል። የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ደም ናቸው ማለት ይቻላል። ያቃጥለኛል፣ ከእምብርቴ በታችም ይጫነኛል። የዘር ፈሳሼም ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲሄድ አይቻለሁ። አንድ ክሊኒክ "ኢንፌክሽን ነው" ብለው ሲፕሮ ሰጡኝ፣ ጨረስኩት፣ ለውጥ የለም። ሌላ ቦታ ሄድኩ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ። ያው ነው። ጓደኛዬ ደግሞ "ይሄ ጨብጥ ነው፣ ሚስትህን ጠይቃት" ብሎኝ ቤቴ ሊበጠበጥ ነበር። ከሚስቴ ውጭ ማንንም አላውቅም፣ እሷም እንደዛው። የቀረኝ ምርመራ ምንድነው? የሚያውቅ ካለ በአላህ ንገሩኝ።

ባለባጃጁ፦
አቦ አይዞህ፣ ብርድ መቶህ ነው። ፌጦ በሎሚ ጠጣበትና ወገብህን ሸፍነህ ተኛ። የኔም ሽንት አቃጥሎኝ በዚህ ነው የተወኝ።

የጂረን ልጅ፦
ብርድ ደም አያሸናም ባለባጃጁ። የኩላሊት ጠጠር ግን ያሸናል። አልትራሳውንድ ታይተሃል ወንድሜ?

ማይክሮስኮፕ፦
ወንድሜ የቆጪው፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከዚህ በፊት ቆላ ሠርተሃል? አፋር፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል፣ ሶማሌ ክልል? እዚያ ወንዝ ወይም ረግረግ ውስጥ ገብተሃል? ላብራቶሪ ነው የምሠራው። ሽንቱ ውስጥ ደም ያለበት ወጣት ወንድ ሲመጣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቅ የለም።

የቆጪው፦
አዎ! አፋር ነበርኩ፣ አሚባራ ጥጥ እርሻ ላይ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ከሥራ ስንወጣ ረግረጉ ውስጥ ገብተን ነበር የምንታጠበው፣ ዓሣም እናጠምድ ነበር። ግን ከተመለስኩ ዓመት አልፎኛል፣ እዚያ እያለሁም ምንም አላመመኝም። ምን አገናኘው?

ማይክሮስኮፕ፦
በደንብ ያገናኘዋል። ሌሎችም ስለሚያነቡት ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የጠረጠርኩት ቢልሃርዝያን ነው፣ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ። ጅማ ውስጥ ቢልሃርዝያ ሲባል ሰው የሚያስበው የሆድ በሽታ ነው። እውነትም እኛ ጋ ያለው የአንጀቱ ነው፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ ይባላል። ልጆችን ከወንዝ ይይዛቸዋል፣ የሚገኘው በሰገራ ምርመራ ነው፣ ትምህርት ቤት በቁመት እየተለኩ ኪኒን የሚውጡትም ለሱ ነው። ሌላ ዓይነት ግን አለ፣ ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም። ይሄኛው የሚኖረው በሽንት ፊኛ ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ነው። አገራችን ውስጥ ቦታው ቆላ ነው፦ የአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ የታችኛው ዋቢ ሸበሌ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ኩርሙክ አካባቢ፣ ጋምቤላም ተገኝቷል። ልዩነቱን ያመጣው ቀንድ አውጣው ነው። የሽንቱን ትል ቡሊነስ የሚባል ቀንድ አውጣ ያሳድገዋል፣ የአንጀቱን ደግሞ ባዮምፋላሪያ። አዋሽ ላይ የሽንቱ ዓይነት ይበልጥ የሚተላለፈው ከረግረጉ ነው፣ አንተ ታጠብኩበት ካልከው። ጅማ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የሽንቱ ቢልሃርዝያ እዚህ ሥር አልሰደደም። ስለዚህ እዚህ ያለ ባለሙያ ቶሎ ትዝ አይለውም። አንተም አፋርን ካልነገርከው ከየት ያምጣው?

አሁን "ዓመት አልፎኛል" ወዳልከው ልምጣ። ትሉ ውሃ ውስጥ እያለ በዓይን አይታይም፣ ቆዳህን በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል፣ አንዳንዱ ሰው ትንሽ ያሳክከዋል፣ አብዛኛው ምንም አይሰማውም። ከዚያ በሳንባና በጉበት በኩል ዞሮ፣ አድጎ፣ ወንድና ሴቱ ተጣምረው ፊኛው አካባቢ ይሰፍራሉ። ደም የሚታየው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። ከዚያ በኋላማ ትሎቹ በአማካይ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይኖራሉ፣ ከዚያም የበለጠ የኖሩ አሉ። ዓመት ለነሱ ምንም አይደለም። የሚያደማህ ትሉ ራሱ እንኳን አይደለም፣ እንቁላሉ ነው። እንቁላሉ አንዱ ጫፉ ላይ እሾህ አለው፣ የፊኛውን ግድግዳ እየወጋ ነው ወደ ሽንት የሚወጣው። ፊኛው የሚጨመቀው ሽንት ሊያልቅ ሲል ነው፣ ስለዚህ ደሙም እንቁላሉም የሚበዛው እዚያ መጨረሻው ላይ ነው። የዘር ፈሳሽህ ቀለም የተለወጠውም እንቁላሉ ወደ ፕሮስቴትና የዘር ከረጢት አካባቢ ስለሚገባ ሊሆን ይችላል። ይሄ በወንዶች ላይ የታወቀ ነገር ነው፣ ሰው ስለሚያፍር ብቻ ነው የማይወራው።

ትልቁ ነገር ደግሞ ሰዓቱ ነው። ክሊኒክ ስትሄድ የጠዋት ሽንት ያመጣህ ይመስለኛል፣ ወረቀቷን ነክረው ደምና ነጭ የደም ሴል ሲያዩ "ኢንፌክሽን" ይላሉ። የዚህ ትል እንቁላል ግን በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን ግድም ነው፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሂድ። ከመስጠትህ በፊት ደረጃ ውጣ ውረድ፣ ወይም ፈጠን ብለህ ተራመድ። መጀመሪያ የሚወጣውን አትጣለው፣ ሁሉንም ያዘው፣ ግን የመጨረሻዎቹ ጠብታዎች የግድ ብልቃጡ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሰው ብልቃጡ ሞላልኝ ብሎ የሚፈለገውን ጭራሹን ሽንት ቤት ይደፋዋል። እኛ ያንን በማሽን አሽከርክረን ወይም 10 ሚሊ ሊትሩን በማጣሪያ አሳልፈን ታች የቀረውን ነው በማይክሮስኮፕ የምናየው። እንቁላሉ 0.14 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ ካለ ግልጽ ብሎ ይታያል፣ ቅርጹ ሞላላ፣ እሾኋ ከታች። የአንጀቱ ቢሆን እሾኋ በጎን ነው የምትወጣው። በአንድ ቀን ካልተገኘ በሌላ ቀን ይደገማል፣ በየቀኑ እኩል አይወጣምና።

ስለዚህ ለሐኪሙ "አሚባራ ሠርቻለሁ፣ ረግረግ ውስጥ ታጥቤያለሁ፣ ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ይታይልኝ" በለው። ይሄ ዓረፍተ ነገር ምርመራ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

የቆጪው፦
ጀዛከላህ። ስለ ሥራዬ እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው የምሄደው።

ሥር ማሽ፦
ይሄ ሁሉ ማሽን አያስፈልግም። ለትል ኮሶ ነው መድኃኒቱ፣ አባቶቻችን የኖሩበት። ካልሆነም እንዶድ በጥብጦ ትንሽ መጠጣት ነው። እንዶድ ቢልሃርዝያን እንደሚገድል ፈረንጅ ራሱ መስክሯል።

ማይክሮስኮፕ፦
ሥር ማሽ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ ምክር ሰው ይገድላል። እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት ፈረንጅ ሳይሆኑ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። በ1964 በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ሲንሳፈፉ አዩ። ከዚያ ነው ጥናቱ የተጀመረው። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አግኝተውበታል። እኔ ይሄን ታሪክ ሳስብ እኮራለሁ። ግን እንዶድ የሚገድለው ውሃ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው። ሰው ደም ሥር ውስጥ ያለውን ትል አይነካውም፣ የሚጠጣው ሰው ግን ይመረዛል። ኮሶም የአንጀት ትል፣ ያውም የኮሶ ትል ነው የሚያስወጣው። ይሄ ትል አንጀት ውስጥ የለም፣ ኮሶው አይደርስበትም።

ሥር ማሽ፦
የአክሊሉ ለማን ነገር አላውቅም ነበር። እንዶዱን ተውኩት።

የመርካቶ ነጋዴ፦
ባጋጣሚ ጽሑፉን አይቼ ነው፣ እኔ ደም የለኝም፣ ግን ከሽንት ቧንቧዬ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ቀጭን ፈሳሽ ይወጣል፣ ውስጤን ደግሞ ያሳክከኛል። ጤና ጣቢያ የጨብጥና የክላሚዲያ መድኃኒት ተብሎ መርፌም ኪኒንም ወሰድኩ፣ ቀንሶልኝ ተመለሰ። ይሄም ቢልሃርዝያ ነው?

ሲስተር፦
የመርካቶው፣ ያንተ ሌላ ነገር ይመስላል። ነርስ ነኝ፣ የአባላዘር ክፍል ብዙ ሠርቻለሁ። ለጨብጥና ለክላሚዲያ የሚሰጠውን በትክክል ወስደህ ፈሳሹ ከተመለሰ፣ ባለቤትህም ካልታከመች እንደገና ይዞህ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ መጀመሪያ ይጠራ። ከዚያ ቀጥሎ የሚታሰበው ትሪኮሞናስ ነው። ስሙን ሴቶች ይበልጥ ያውቁታል፣ ምክንያቱም እነሱን በፈሳሽና በማሳከክ ያሰቃያቸዋል። ወንዱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርገውም። ዝም ብሎ ሽንት ቧንቧው ውስጥ፣ አንዳንዴም ፕሮስቴቱ ውስጥ ተቀምጦ ያስተላልፋል። ምልክት ካሳየም ያው አንተ ያልከው ዓይነት ነው፦ ቀጭን ፈሳሽ፣ ማሳከክ፣ ሽንት ሲሸና ወይም ዘር ሲፈስ ማቃጠል። ባክቴሪያ አይደለም፣ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተውሳክ ነው። ለዚህ ነው የጨብጡ መርፌ የማይነካው።

እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የምናክመው በምልክት ነው፣ ፈሳሽ አለ ሲባል ለጨብጥና ለክላሚዲያ ይሰጣል፣ ካልተወ ሜትሮኒዳዞል 2 ግራም በአንድ ጊዜ ይጨመራል። ስለዚህ ተመልሰህ "አልተወኝም" በላቸው። ብዙ ወንድ ካልተሻለው ተመልሶ አይመጣም፣ ሌላ መድኃኒት ቤት ይሄዳል፣ እዚያ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ስለ ሲፕሮም አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ከተማ ሽንት አቃጠለኝ ያለ ሁሉ ሲፕሮ ነው የሚገዛው። ጨብጥ ሲፕሮን ስለለመደው የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ለጨብጥ አትስጡት ብሏል። ተውሳኮቹንማ ቀድሞም አይነካቸውም።

ማይክሮስኮፕ፦
ከላብራቶሪው በኩል ልጨምር። ትሪኮሞናስ ከቢልሃርዝያው ጋር ተቃራኒ ነው። ለሱ የምንፈልገው የጠዋቱን፣ ያውም መጀመሪያ የሚወጣውን ሽንት ነው፣ ቧንቧውን ጠርጎ የሚወጣውን። ሳትሸና ና። ናሙናው ሳይቀዘቅዝ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም የምናውቀው በእንቅስቃሴው ነው፣ ንጥር ንጥር እያለ ይሄዳል። ቆሞ ከቀዘቀዘ መንቀሳቀሱን ያቆምና ከነጭ የደም ሴል አይለይም። ወንድ ላይ በማይክሮስኮፕ ማግኘት ከባድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይስታል። ስለዚህ "አልተገኘም" ማለት "የለህም" ማለት አይደለም። ሚስት ላይ ከተገኘ ባልም እንዳለበት ተቆጥሮ ይታከማል።

የሁለት ልጆች እናት፦
እዚህ ጋ ልግባ። እኔ ላይ ትሪኮሞናስ ተገኘብኝ። መድኃኒት ወሰድኩ፣ ተሻለኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ባለቤቴን ውሰድ ስለው "እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ያመመሽ አንቺ ነሽ" ይላል። አሁን ደግሞ እንደገና ሲመለስ ከየት አመጣሽው ወደማለት ሄዷል። አማቴም ሰምታለች። በጣም ነው የከፋኝ። ሲስተር ምን ልበለው?

ሲስተር፦
እህቴ፣ ይሄ ደጋግሞ የሚያጋጥመን ነገር ነው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ለባለቤትሽ ይሄን አስነብቢው።

ወንድሜ፣ ምንም ምልክት ስለሌለህ የለብህም ማለት አይደለም። አብዛኛው ወንድ ምልክት የለውም። ምልክት የሚያሳየውም ብዙ ጊዜ ከተያዘ ከ5 እስከ 28 ቀን ባለው ነው፣ ግን ዝም ብሎ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል፣ ለዓመት የተቀመጠም አለ። ስለዚህ ዛሬ ተገኘ ማለት ትናንት ማለት አይደለም፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደም ምርመራው አይናገርም። ባለቤትህ ስትታከም አንተ ካልታከምክ አንተ ጋ ያለው ወደ እሷ ይመለሳል፣ እሷም እንደገና መድኃኒት ትውጣለች፣ እንዲህ እያለ ማቆሚያ የለውም። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ውሰዱ። ላንተ ሜትሮኒዳዞል 2 ግራም በአንድ ጊዜ ነው፣ ለሷ ደግሞ አሁን የሚመከረው 500 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን ነው። ሁለታችሁም ጨርሳችሁ ምልክቱ እስኪጠፋ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ግንኙነት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 156 ሚሊዮን አዲስ የትሪኮሞናስ ህመም እንደነበረ ገምቷል። የናንተ ቤት ብቻ ጉድ አይደለም።

ለምን እንደምጨቃጨቅ ደግሞ ልንገርህ። ይሄ ተውሳክ የብልትን ሽፋን ስለሚያቆስል ኤችአይቪ በቀላሉ እንዲገባ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ልጁ ያለጊዜው እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ማታ ስልኬን ሰጠሁት፣ አንብቦ ዝም አለ። ጠዋት "የት ነው የሚሰጡት" አለኝ። እግዜር ይስጥሽ ሲስተር።

ባለባጃጁ፦
ሲስተር፣ ይሄ ነገር ከሽንት ቤት አይይዝም ማለት ነው? የሕዝብ ሽንት ቤት እየገባን እኮ ነው የምንውለው።

ሲስተር፦
ትሪኮሞናስ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ከሽንት ቤት ያዘኝ ማለት ባልና ሚስት እንዳይጣሉ የሚባል ነገር ነው፣ ገብቶኛል፣ ግን ሕክምናውን ያዘገየዋል። ኮንዶም በጣም ይቀንሰዋል።

የአጋሮ ልጅ፦
እኔ የአጎቴን ነገር ልጠይቅ። ጋምቤላ ለረጅም ዘመን ኖሮ አሁን አጋሮ ተመልሷል። ቆለጡ በአንድ በኩል አብጦ ትልቅ ሆኗል። ጋቢ ሳይለብስ ከቤት አይወጣም፣ መስጊድም መሄድ ትቷል፣ ሰርግ ለቅሶ የለም። ቡአ ነው ይላሉ ሰዎች። አንዱ ደግሞ በመርፌ ውሃውን አወጣልሃለሁ ብሎታል። እዚህ ሰፈር እግራቸው ያበጠ ሰዎች አሉ፣ ዝሆኔ የሚባለው፣ ያው ነው?

ማይክሮስኮፕ፦
መርፌውን አስቁም። በመጀመሪያ። ቤት ውስጥ የሚወጋ መርፌ መግል ይዞ ነው የሚመጣው፣ ውሃውም ቢወጣ ይመለሳል።

ወደ ነገሩ ስመጣ፣ ሁለት ዓይነት የሚያሳብጥ በሽታ አለ። ጅማ ዙሪያ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ሲኬድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፣ እሱ ተውሳክ የለውም፣ ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚያብጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ይቀራል፣ ቆለጥን አይነካም ማለት ይቻላል። ሌላኛው ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ነው፣ ትሉ ውቸሬሪያ ባንክሮፍቲ ይባላል፣ የሚያስተላልፈው ትንኝ ነው። ጋምቤላና ቤኒሻንጉል በደንብ የታወቀ ነው። ወንዶች ላይ ዋናው ጉዳቱ ቆለጥ ዙሪያ ውሃ መቋጠር ነው። ትሎቹ የሚኖሩት የዘር ፍሬ አካባቢ ባሉ የሊምፍ ቧንቧዎች ውስጥ ስለሆነ ፈሳሹ መሄጃ ያጣል።

ይሄም ሰዓት አለው። ልጆቹ ትሎች ደም ውስጥ የሚወጡት ሌሊት ነው፣ ስለዚህ የድሮው የደም ምርመራ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ነበር የሚወሰደው። ሐኪም ቀን ቀን ደም ወስዶ የለም ቢል አይገርምም። አሁን በቀንም የሚሠራ ከጣት ደም የሚወሰድ ፈጣን ምርመራ አለ። ግን አጎትህ ጋ የደረሰው ብዙ ዓመት ቆይቶ ከሆነ ትሉ ሞቶ ውሃው ብቻ ሊቀር ይችላል፣ ያኔ ሁሉም ምርመራ "የለም" ሊል ይችላል። ዋናው መፍትሄ ኪኒን አይደለም፣ ቀዶ ሕክምና ነው። ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤቱ ይገባል።

ሐኪሙ ምን እንደሚያደርግ ልንገርህ፣ እንዳይፈራ። ክፍሉን ያጨልምና ከኋላ ባትሪ ያበራበታል። ውሃ ከሆነ ብርሃኑ ቀይ ሆኖ ያልፋል። አንጀት የወረደበት ከሆነ፣ ያ ሄርኒያ ነው፣ ወይም የፍሬው ራሱ እብጠት ከሆነ ብርሃኑ አያልፍም። ይሄ መለየት አለበት፣ ምክንያቱም የፍሬ ካንሰርም ያለ ህመም ነው የሚያብጠው። አጎትህን የቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ውሰደው፣ አጋሮም ጅማም አለ።

የአጋሮ ልጅ፦
አጎቴ ይሄን ሳነብለት "ሌላም ሰው አለ ማለት ነው?" አለኝ። እስከዛሬ እሱ ብቻ የተረገመ መስሎት ነበር።

ዶርም 3፦
ለመጠየቅ አፍሬ ነበር ግን እንዲህ በግልጽ እየተወራ ከሆነ እኔም። ተማሪ ነኝ። ብልቴ ላይና ቆለጤ ላይ ጠጣር ቀያይ እባጮች ወጥተዋል፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ስገባ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳኛል። ጣቶቼ መሃልም አለ። ቂጥኝ ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

ሲስተር፦
ማታ ማታ ይብሳል፣ ጣት መሃል አለ፣ ብልት ላይ ጠጠር ጠጠር ይላል ካልክ እከክ ነው የሚመስለው። እከክ ወንዶች ላይ ብልትና ቆለጥ በጣም ይወዳል። ቂጥኝ ብዙ ጊዜ አያምም፣ አያሳክክም፣ ግን ምርመራው ርካሽ ስለሆነ አብረህ አስደርገው። ፐርሜትሪን 5 ፐርሰንት ቅባት ከአንገት በታች ሙሉ ሰውነትህን፣ ጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብተህ ታድራለህ፣ ጠዋት ትታጠባለህ፣ በሳምንቱ ትደግማለህ። ካጣህ ቤንዚል ቤንዞኤት ወይም የድኝ ቅባት አለ፣ አጠቃቀማቸው ይለያል፣ ጠይቅ። አብረውህ የሚተኙት ሁሉ ባያሳክካቸውም በአንድ ቀን ይቀቡ። አንሶላውን በሙቅ ውሃ አጥበህ ፀሐይ ላይ አስጣው። ከዳንክ በኋላም ማሳከኩ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ቅባቱን እየደጋገምክ ቆዳህን አታቃጥል።

የጂረን ልጅ፦
ዶርም ውስጥ አንዱ ብቻ ከተቀባ ዋጋ የለውም፣ ሁላችሁም ተነጋገሩ።

የቆጪው፦
ውጤት ይዤ መጣሁ። ቀን 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ሰጠሁ፣ ደረጃውን ወጥቼ ወርጄ። አፋር መሥራቴን ስነግረው ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ለምን እስከዛሬ አልተባለም" አለ። እንቁላል ተገኝቷል፣ ሄማቶቢየም። አልትራሳውንድ አዘዙልኝ፣ ኩላሊቴ ደህና ነው፣ የፊኛዬ ግድግዳ ግን ትንሽ ወፍሯል አሉ። ሚስቴ አብራኝ ነበረች። ከእርሻው አብረውኝ የነበሩ ሁለት የቀርሳ ልጆች ጋ ደውያለሁ፣ አንዱ ደም ያየው ከኔ በፊት ነው። አሁን መድኃኒቱን እንዴት ነው የምወስደው፣ ሚስቴንስ ይይዛታል?

ማይክሮስኮፕ፦
አልሃምዱሊላህ። ሚስትህን ካንተ አይይዛትም፣ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ በቀንድ አውጣ በኩል ካላለፈ ሰው አይዝም። እሷ ራሷ እዚያ ውሃ ገብታ ከሆነ ግን ትመርመር፣ ሴቶችንም የማህፀን በር ላይ ይጎዳል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ በአንድ ቀን። ኪኒኑ 600 ሚሊግራም ነው፣ 60 ኪሎ የሆነ ሰው አራት ይውጣል። ምግብ በልተህ ውሰደው፣ አታኝከው፣ በጣም ይመራል። የዚያን ቀን ሆድህን ሊቆርጥህ፣ ሊያዞርህ ይችላል፣ ሞተር አትንዳ። ከገንፎም ከእንጀራም ጋር ይሆናል፣ ዋናው ባዶ ሆድ አለመሆኑ ነው። መድኃኒቱ የበሰለውን ትል ነው የሚገድለው፣ ያልበሰለውን አይነካም፣ ላንተ ግን ውሃውን ከተውክ ቆይተሃልና ችግር የለም። የቀርሳዎቹ ልጆች በቅርቡ የገቡ ካሉ ግን ይደገምላቸዋል። ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ሽንትህን በዚያው ሰዓት አምጣ፣ ደሙ ጠፍቶ እንቁላል ካለ ሕያው መሆኑ ይታያል። ፊኛው በጊዜ ከታከመ መወፈሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሳይታከም ለዓመታት የቆየ ግን ፊኛው ይደርቃል፣ የኩላሊት ቧንቧ ይዘጋል፣ የፊኛ ካንሰርም ያመጣል። ለቀርሳዎቹ ይሄንንም ንገራቸው።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እኔም ሜትሮኒዳዞሉን ተሰጠኝ፣ ከባለቤቴ ጋር ነው የምንወስደው። ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፣ ጠጅ መጠጣት ይቻላል?

ሲስተር፦
አይቻልም ብለህ ያዘው። ወረቀቱ ላይ አልኮል አትጠጡ ተብሏል፣ ከጠጅም ከጠላም ከአረቄም። ከዋጥክ በኋላ ሦስት ቀን ጠብቅ። አፍህ ብረት ብረት ይልሃል፣ ሊያቅለሸልሽህ ይችላል፣ በልተህ ውሰደው። ሽንትህ ጠቆር ቢል አትደንግጥ፣ መድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል። ከዋጥክ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰህ ግን ተመልሰህ ንገራቸው፣ እንደገና ይሰጥሃል።

የመርካቶ ነጋዴ፦
እሺ ሲስተር። ሰርጉ ላይ ለስላሳ እጠጣለሁ።